የአባት ኦሪት፣ የልጅ ኦሪት

አሰላ ላይ ድግስ ሲደገስ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይሰናዳል፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን፣ ሙስሊሙ የሙስሊሙን ይበላል። የጭላሎ ተራራ ብርድ እኩል የሚቆረጥማቸው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ሲጫወቱ የዋሉ ልጆች ማዕድ ሲቀርብ ወደየወገናቸው ይበተናሉ። ድግሱ ሲያበቃ ደግሞ አንድ ሜዳ ላይ ናቸው። በእኔ እይታ፣ በአርሲ ደጋ ልጅ ሃይማኖቱን አስቀድሞ የሚማረው በዚህ ቦታ ነው፤ ወላጁ ከጎረቤቱ ሲለይ እያየ።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤል ልጆችም በጎንደር የሚያድጉት እንዲሁ ነበር። ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፤ በሰንበት እሳት አይነድም። በዓመታዊው የስግድ በዓል ቀን ሕዝቡ ቄሶቹን ተከትሎ ተራራ ይወጣል፣ ይጾማል፣ በግዕዝ የሚነበበውን ኦሪት ይሰማል። ልጁ ግዕዙን ባይረዳ እንኳ አባቱ የሚሰግድለትን ያውቃል። ኦሪት አባት ልጆቹን በቤትም በመንገድም እንዲያስተምር ስታዝ እንዲህ ያለ አባት ከፊቷ ያለ ይመስላል።

ከዚያ ኢየሩሳሌም ተደረሰ። በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሱዳን በኩል፣ ኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሄደ። ትውልድ ሲመኘው የኖረው ሆነ። ታዲያ በክርስቲያን ጎረቤት መካከል ለዘመናት ያልላላው የአባትና የልጅ ትስስር በገዛ ወገን መካከል ለምን ላላ?

ብዙ ሰው ዓለማዊነትን ይወቅሳል። እኔ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ልጆች የገቡት ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው፤ አባቶቻቸው የማያውቁትን ታልሙድና የሐኑካን በዓል ተማሩ። ሃይማኖቱ በረታ እንጂ አልጠፋም። የተናጋው የአባት ሥልጣን ነው። ቄሱ ያረደው በእስራኤል ረቢዎች ዘንድ ኮሸር (በሕጉ የተፈቀደ) አልሆነም፤ የባረከው ጋብቻም በመንግሥት መዝገብ አልጸና አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. አይሁድነታቸው ለምን ይጠረጠራል ብለው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በኢየሩሳሌም ጎዳና አንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል። ልጁ ይህን አይቷል። ቤቱ ሲመለስ ቋንቋውን፣ ሕጉን፣ የቢሮውን ወረቀት የሚያውቀው እሱ ነው፤ አባቱ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልሳል።

እውቀት ከልጅ ወደ አባት ቢሄድ ክፋት የለበትም፤ ገበሬ አባት የተማረ ልጁን መጠየቁ በአርሲም የተለመደ ነው፣ ያኮራዋልም። የሃይማኖት ነገር ግን ይለያል። እምነት በምስክርነት የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ልጅ ትእዛዙን የሚቀበለው አባቱን ስለሚያምን ነው። አባትህን አክብር የሚለውን ሕግ የሚያስተምር መምህር የአባትን ጸሎት ጉድለት አድርጎ ካሳየ፣ ልጁ የትኛውን ይያዝ? ሕጉን ሲጠብቅ ሕጉን ያፈርሳል።

ጉዞው በራሱ የአባትን ሥልጣን አያናጋም። የቤተ እስራኤሉ መምህር ዮና ቦጋለ በወጣትነቱ ኢየሩሳሌምና ፍራንክፈርት ተምሮ ተመልሷል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል ወዳለው የክፋር ባትያ ትምህርት ቤት ከተላኩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደሩ አስተምረዋል። አዲሱን ትምህርት ያመጡት ገና ወደሚከበሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. በሄደው ልጅ ጊዜ ግን ሽማግሌው ራሱ ተፈናቅሏል።

የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን ብሔራዊ በዓል ብሎ ደነገገ። ደግ ሥራ ነው፤ የልጅ ልጆች ዛሬ በኢየሩሳሌም ቄሶቹን ጥላ ይዘው ቆመው ያዩአቸዋል። ሆኖም በዓልን ማክበር አንድ ነገር ነው፣ በዓሉን ያቆየውን ሰው ዳኝነት መቀበል ሌላ። ሁለተኛው ይቀራል። ስለዚህ በዋሽንግተንም በሮምም ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ለልጃችሁ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ስትመርጡ ምን እንደሚያስተምሩ ብቻ አትጠይቁ፤ ስለ እናንተ ለልጁ ምን እንደሚነግሩትም ጠይቁ።