ለማንም እንዳትሰጪ

ልጆቼ፣ የሰው ጓዳ መፈተሽ የእኔ ሥራ አይደለም። ማን ምን በላ፣ ማን ምን ገዛ ብዬ አላውቅም። ነገር ግን ቤቴ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው፤ ጠዋት ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ዓይኔን ጨፍኜ ልቀመጥ አልችልም። ወላጅ ልጁን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ይመጣል። በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ሱቅ ይቆምና አንድ ብስኩት፣ አንድ ችፕስ፣ አንድ የታሸገ ጁስ ገዝቶ ቦርሳ ውስጥ ይከትታል። ምሳ ተቋጠረ ማለት ነው። እሱን እንኳ ጊዜው ነው ብዬ አልፌው ነበር። ማለፍ ያቃተኝ ከዚያ ቀጥሎ የምሰማው ቃል ነው፤ «ምሳሽን ለማንም እንዳትሰጪ፣ እሺ?»

ልጅቷም «እሺ» ትላለች። ምን ታድርግ።

ይህችን ቃል ከአንዲት እናት ብቻ ብሰማት የቤቷ አመል ነው ብዬ እተዋት ነበር። አሁን ግን አባትም ይላታል፣ ሞግዚትም ትላታለች፤ ይግረማችሁና አንዲት የእኔ እኩያ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከኪዳን የተመለሰች አያት፣ ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ምክንያቱ ከየት እንደ መጣ አይጠፋኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በቀጣዩ ዓመት ሲከፈትም ልጆች ተራርቀው ይቀመጡ፣ ምሳ አይካፈሉ ተባለ። ያኔ ልክ ነበር፤ እኔም የልጅ ልጆቼን እንደዚያው መክሬአለሁ። ያ የጭንቅ ጊዜ በእግዚአብሔር ቸርነት አለፈ። እጅ መታጠቡን ከበሽታው ጋር ሸኘነው፤ አለመካፈሉን ግን ቤት ሰጥተን አስቀመጥነው። ለውዝ ወይም ሌላ ነገር የማይስማማው ልጅ ያላችሁ፣ ሐኪም ያስጠነቀቃችሁ፣ ለመምህሩ ተናገሩ፤ የእናንተ ነገር ሌላ ነው፤ ማንም አይወቅሳችሁም። እኔ የማወራው ልጁ ጤነኛ፣ ጓደኛውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ስስትን ጥንቃቄ እያለ ለሚያስተምረው ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህ የፓኬት ምግብ ራሱ ለአንድ አፍ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ጥቂት ብስኩት ያለበትን ፓኬት ለአምስት ልጅ አካፍሉ ብትሉ ጠብ ነው የሚነሣው። ፍርፍር ግን የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። አንድ እጅ ሲጨመር የሚጎድል አይመስልም።

አስተማሪ ነበርኩ። የምሳ ሰዓትን ከክፍል ሰዓት ይልቅ የማውቀው ይመስለኛል። ልጆቹ ክብ ሠርተው ምሳ ዕቃቸውን መሀል ያደርጋሉ፤ ክዳኑ ሰሐን ይሆናል፤ የአንዷ ድንች፣ የሌላዋ ፓስታ፣ የሦስተኛዋ ሽሮ ፍትፍት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ያልቃል። ታዲያ ምሳ ያልቋጠረ ልጅ በዚያች ሰዓት ውኃ ይጠማዋል። ቧንቧው ጋ ይሄዳል፤ ብዙ ይጠጣል፤ ፊቱን ይታጠባል፤ እንደገና ይጠጣል፤ ከዚያ ደወል እስኪደወል አጥሩን ይዞ ይዞራል። ይህን የማያውቅ አስተማሪ የለም። እኔ ክፍል አንዲት አፈኛ ልጅ ነበረች፤ ስሟን ልተወው፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ቧንቧው ጋ የቆመችውን ጓደኛዋን በስም ጠርታ «ነይ እንጂ! እስክንለምንሽ ነው የምትጠብቂን? ይሄን ማን ሊጨርሰው ነው?» ብላ ትጮህባት ነበር። በቁጣ። የተጠራችው ልጅም እንደ መቸገር እያለች፣ ውለታ የምትውል መስላ ትመጣለች። ያቺን ቁጣ ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም። ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ተመስገን ነው። ነገሩ ግን ያስቃል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ከአንድ ድስት የወጣ ምግብ ከጓደኛው ጎን ተቀምጦ ይበላል፤ በብዙ ሺህ ብር የምናስተምረው ልጅ ደግሞ ጥግ ይዞ ፓኬት ያንኮሻኩሻል።

ወንጌሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አምስት ሺህ ሰው የጠገበበት ምግብ የአንድ ብላቴና ነበር። አምስት የገብስ እንጀራ፣ ሁለት ዓሣ፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተጽፎ ይገኛል። ለዚያ ልጅ ያንን ማን እንደ ቋጠረለት አልተጻፈም። እኔ እናቱ ናት እላለሁ። «ለማንም እንዳትሰጥ» ብላ ልካው ቢሆን ኖሮ ሐዋርያት ምን ይዘው ወደ ጌታ ይቀርቡ ነበር?

«ጊዜ የለንም» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እንነጋገር።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ ጥቂት ራስ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት አቁላሉት፤ ውኃውን ሲመጥ ዘይቱን ጨምሩ፣ በርበሬውን አስከትሉ፤ እንዳያርር ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ በቀስታ ይንተክተክ፤ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይግባበት። ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ቁሌት በሳምንቱ ውስጥ የጠዋት ሥራችሁን ያቀልላችኋል። ጠዋት አንድ ሁለት ጭልፋ በትንሽ ውኃ አሙቃችሁ እንጀራ ቆራርሳችሁ ብታገላብጡበት ሻዩ ሳይፈላ ያልቃል። ለሕፃን በርበሬው ይቅለል፣ ቲማቲም ይብዛ። እንጀራው ደግሞ የትናንቱ ከዛሬው ይሻላል፤ አይላሽቅም። አንድ ነገር አደራ፦ ትኩሱን ከድናችሁ አትላኩ። ያልበዋል፣ ላቡ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፈት ሽታው ተለውጦ ይቆያል። ልጁ ሳይበላ ሲመልስላችሁ «ልጄ የቤት ምግብ አይወድም» ትላላችሁ። ልጁማ ምን አደረገ!

ለዳቦ ቆሎ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ ወይም ስኳር ይበቃል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስባችሁ እያንከባለሉ እንዲቆርጡ አድርጉና ምጣድ ላይ ቁሉት፤ ደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። እንቁላል ቅቅል፣ ስኳር ድንች ቅቅል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን የማንንም ጊዜ አይበሉም። ቆሎና ለውዝ ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቋጠርም፤ ያንቃል።

በሶ ላይ ስደርስ ልቤ ይረጥባል። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው፤ የገብስ አገር ነው፣ ብርዱም የታወቀ ነው። እናቴ ገና ሳይነጋ ትነሣና በሶውን በትንሽ ውኃና በጨው፣ ቅቤ ካለም በቅቤ፣ ታሽና በመዳፏ ጨበጥ ጨበጥ ታደርገዋለች። ጭብጦው ላይ የአራት ጣቶቿ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ሁልጊዜ ሁለት ነው የምትሰጠኝ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሰው። ማታ ስመለስ ስለ ትምህርቱ ሳትጠይቀኝ በፊት «ሁለተኛውን ማን በላው?» ትለኛለች። ስም መጥራት ነበረብኝ። ስሙን ከጠራሁ «እሰይ» ብላ ዝም፤ ባልጠራ ግን ማታውን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። ያን ጊዜ ቤታችን ተርፎት አልነበረም፤ ገብሱ ከክረምት ክረምት ለጥቂት ነበር የሚያደርሰን።

በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ተነሥቶ በእግሩ አድዋ የደረሰው ሠራዊት የያዘው ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። አሜሪካ ያሉት ልጆቻችንም ለእረፍት መጥተው ሲመለሱ ሻንጣቸውን የሚሞሉት በእነዚሁ ነው። የበሶ ዱቄት ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ ታሽጎ ይሸጣል፤ መቁላት፣ መውቀጥ አይጠበቅባችሁም። መዳፋችሁን ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱንም ነፈጋችሁት።

«ጾም ሲሆን ምን እንቋጥር?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይገርመኛል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በየረቡዕና ዓርቡ፣ ይህ አገር ስንት ትውልድ አሳድጓል። የምስር ሳምቡሳ፣ ወፈር ያለ ሽሮ ፍትፍት፣ ቂንጬ በዘይት፣ ድንች ቅቅል፣ አቮካዶ በዳቦ። ሱፍ ፍትፍቱን ቤት ብሉት፤ በቦርሳ አይሆንም፣ ደብተር ላይ ይፈስሳል። ደግሞም የጾም ምሳን የምወደው ሆድ ስለሚቀልለው ብቻ አይደለም። እኔ ክፍል የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች ነበሩ። ሥጋ ያለበት ምሳ ዕቃ ሲከፈት ክቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁሉም የወላጁን ሥርዓት ያውቃልና ማንም ማንንም አያስቀይምም። ሽሮና ምስር የተከፈተ ቀን ግን ክቡ አንድ ነው። ስለዚህ ጾም ባይሆንም እንኳ በሳምንት ጥቂት ቀን ሁሉም ሊቆርስለት የሚችለውን ቋጥሩ። ያው እንግዲህ ዞሬ ዞሬ መካፈሉ ላይ መጣሁ፤ ሽማግሌ ሲያወራ እንዲህ ነው፣ ታገሡኝ።

ለሽርሽር ስትወጡም ያው ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ላንጋኖ፣ ልጆች ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ በስልክ የራሱን በርገር ያዝዛል፣ እያንዳንዱ የራሱን ካርቶን ይከፍታል። ሙሽራ ሳለሁ በጥምቀት ጃንሜዳ የምንወርደው አማቴ ባሰናዱት አገልግል ነበር። ከታች እንጀራ ይነጠፋል፣ ወጡ መሀል ከነእንቁላሉ፣ ከላይ እንጀራ ይታጠፍበታል፤ ክዳኑ ሲነሣ የቆዳውና የቅቤው ሽታ ተደባልቆ ይወጣል። አማቴ ግን ክዳኑን ከማንሣታቸው በፊት ዞር ዞር ብለው አጠገባችን የተቀመጠውን የማናውቀውን ቤተሰብ «እንብላ፣ ቅረቡ» ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ «ብሉ፣ ይባረክ» ይባላሉ፤ አንዳንዴ ግን ይቀርባሉ። በቀረቡ ቀን ሁላችንም ትንሽ ይርበናል፤ አማቴ ግን ፊታቸው ያበራ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

ፀሐይ ላይ የሚውል ምግብ ደረቅ ይሁን፤ ድርቅ ያለ ጥብስ፣ ቋንጣ ፍርፍር። የዕለቱን ጠዋት ይዛችሁ ቀትር ላይ ጨርሱት። ክትፎና አይብ ይዞ ሐይቅ ዳር መዋል በሽታ መሸመት ነው።

ስለ ማኅበርና ስለ ለቅሶ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ሐዘን ቤት ምግብ ይዞ መሄድ የጎረቤት ወግ ነበር፤ ንፍሮውም፣ በሰፌድ የተሸፈነው እንጀራም። አሁን የታሸገ ውኃ በካርቶን ተሸክሞ መግባት ተለምዷል። ኀዘንተኛው ውኃ አጣ እንዴ?

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ፤ በዚህ ነገር ይሉኝታ የለኝም። ልጃችሁ ሳይንሱንም ሒሳቡንም ከእናንተ የተሻለ የሚያስተምረው ሰው ያገኛል። መቁረስን ግን ከቤቱ ካላመጣው ማንም አያስተምረውም። በሰባት ዓመቱ ምሳውን በክንዱ ከልሎ እንዲበላ ያስተማራችሁት ልጅ፣ በሠላሳ ዓመቱ እናንተ «ለምን አትጠይቀንም» ብላችሁ ስትወቅሱት ቃላችሁን ነው የሚጠብቀው፤ ለማንም እንዳይሰጥ አስጠንቅቃችሁታልና። ያን ጊዜ እኔ ጋ መጥታችሁ እንዳታለቅሱ።

ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሰው የሚያበላ ቋጥሩ፤ ማታ ልጁ ሲመለስ «ማን አብሮህ በላ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ስም ይጥራ። «ምሳ ዕቃው ትንሽ ነው» እንዳትሉኝ ደግሞ። መርካቶ ባለ ሦስት ደርቡ ሞልቷል።