እትብቱ ሳይቈረጥ፦ ስለ ሕፃን እስትንፋስና ስለ እናት ፈቃድ

በአገራችን ሴት በወለደች ጊዜ ጎረቤቶቿ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ወደ ቤቷ ይገባሉ። ሰላምታው ስለ ሕፃኑ ከማውሳቱ አስቀድሞ ስለ እናቲቱ መትረፍ ያመሰግናል። አበው ወሊድ የሁለት ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከዚሁ ከቆየው ዕውቀት የሚመነጭ ሲሆን፣ የዘመናችን ሕክምና አዲስ መልክ ሰጥቶታል።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን በእንግዴ ልጁና በእትብቱ አማካይነት ከእናቱ ደም ይቀበላል። ስለዚህ የአየር መንገዱ የተዘጋ ሕፃን እንኳ በማኅፀን ሊያድግ ይችላል። ጭንቁ የሚጀምረው እትብቱ ሲቈረጥ ነው። አንዳንዱ በአንገቱ ላይ ትልቅ ዕጢ ይዞ፣ አንዳንዱ ማንቁርቱ ሳይከፈት፣ አንዳንዱም አገጩ እጅግ አንሶ ምላሱ ወደ ኋላ እየወደቀበት ይወለዳል። ቀለል ያለው ችግር በቀላል ዘዴ ይረዳል፤ ምላሱ የወደቀበትን ሕፃን በሆዱ ማስተኛት ብዙ ጊዜ የአየሩን መንገድ ይከፍትለታል። ጽኑው መዘጋት ግን ጊዜ አይሰጥም፤ አየር ያጣ አንጎል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል።

ለዚህ ችግር በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በተለይም በሳን ፍራንሲስኮ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች አንድ ዘዴ አደራጅተዋል። የእናቲቱ ማኅፀን በቀዶ ጥገና ይከፈታል፤ የሕፃኑ ራስና ትከሻ ይወጣል፤ እትብቱ ግን አይቈረጥም። እናቲቱ ስለ ልጇ እየተነፈሰች ሳለ ሐኪሞቹ በጉሮሮው ቱቦ ያስገባሉ፤ ይህ ካልሆነ አንገቱን ቀደው መተንፈሻ ያበጁለታል። ሥራው እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እትብቱ የሚቈረጠው አየር መግባቱ ሲረጋገጥ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። በተለመደው ቀዶ ጥገና ሕፃኑ እንደ ወጣ ማኅፀን ቶሎ ተኮማትሮ ደም እንዲቆም ይደረጋል። በዚህኛው ግን እንግዴ ልጁ እንዳይላቀቅ ማኅፀኑ በጥልቅ ማደንዘዣ ላልቶ ይቆያል፤ የላላ ማኅፀን ደግሞ ብዙ ሊደማ ይችላል። ጠባሳውም ለሚቀጥለው እርግዝና ይተርፋል፤ ከሆስፒታል ርቃ ለምትኖር ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢላዋው በእናቲቱ ላይ ያርፋል፤ ጥቅሙ ግን የልጁ ነው። ታዲያ እናት ይህን የመቀበል ግዴታ አለባትን? እምቢ ብትልስ ልጇን ገደለች ይባላልን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1957 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ ስለ ማስተንፈስ ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ሰው ሕይወትን ለመጠበቅ ግዴታ የሚሆንበት የተለመደው መንገድ ብቻ መሆኑን አስተምረዋል። ይህም እንደ ሰውየው፣ እንደ ስፍራውና እንደ ዘመኑ የሚመዘን፣ በራሱም ሆነ በሌላው ላይ ከባድ ሸክም የማይጭን ነው። የእምነት ትምህርት ጉባኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ገና ላልተወለደ ልጅ የሚደረግ ሕክምና ፈውስን የሚሻና ከመጠን ያለፈ አደጋ የሌለበት ከሆነ የተፈቀደ መሆኑን፣ ወላጆችም አውቀው በነጻነት መስማማት እንዳለባቸው ገልጿል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ቀላል መልሶችን አንቀበልም። አንደኛው «ልጁ ገና አልተወለደምና መብት የለውም» ይላል። እትብት መቈረጡ ሰውነትን አይሰጥም፤ ሕፃኑ ከዚያም በፊት ሙሉ ሕመምተኛ ነው። ሁለተኛው «እናት ከሆነች ግድ ትቀበል» ይላል። ይህም ስጦታን ወደ ዕዳ ይለውጣል። በ1962 ያረፈችውና በ2004 እ.ኤ.አ. ቅድስት ተብላ የታወጀችው ጣሊያናዊቷ ጃና ቤረታ ሞላ ስለ ልጇ አደጋን የተቀበለችው ራሷ ሐኪም በመሆኗ የምትመርጠውን እያወቀች ነበር።

«ሕፃኑስ? እርሱ መምረጥ አይችልም፤ ያለው ዕድል ይህ ብቻ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው። ሆኖም የሕፃኑ መብት በአንዲት ሴት ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም። ችግሩን አስቀድሞ በአልትራሳውንድ የሚያይ፣ ደም የሚያዘጋጅ፣ የሠለጠነ እጅ የሚያቀርብ ማኅበረሰብም ባለ ዕዳ ነው። ዝግጅቱ በተሟላበት ስፍራ የእናቲቱ አደጋ ይቀንሳል፤ በሌለበት ግን ያው ሥራ ከአቅም በላይ ይሆናል። እኛ ያላሟላነውን ከእርሷ ልንጠይቅ አንችልም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድለት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ባል በሆስፒታል ኮሪደር ላይ «አባ፣ ሚስቴ በቀዶ ጥገና ትውለድ ይላሉ፤ ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ወዲያው መለስሁለት። ሚስቱ ከበሩ ወዲያ ነቅታ ተኝታ ነበር፤ እርሷን የጠየቃት ግን አልነበረም። በእግዚአብሔር ቸርነት ሁለቱም ተረፉ፤ መልሴም ትክክል ይሆናል። ነገር ግን «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንደሚባለው ሆንሁ።

በየቁምስናችን ባል፣ አማት፣ አንዳንዴም ካህን ስለ ወላዲቱ ይወስናሉ። ፍቅር ብዙ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚሰጠው ግን እርሷ ናት። ስለዚህ እውነቱ በጊዜው፣ በምትረዳው ቋንቋ፣ ለራሷ ይነገራት። እሺ ብትል በጸሎት አብረናት እንቁም፤ አደጋው ከብዶባት እምቢ ብትልም ኃጢአት ያልሆነውን ኃጢአት አድርገን አንጫንባት። ያን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንላት ቃላችን እውነተኛ ይሆናል።