መቆጣት ለማን ይገባል?

ወገኖቼ፣ ልጅ የምታሳድጉ፣ ክፍል ገብታችሁ የምታስተምሩ፣ ሜዳ ወርዳችሁ የምታሰለጥኑ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ቁጣ ላወጋችሁ ነው። ቁጣ በየቤታችን ሞልቷል። አባት ይቆጣል፣ እናት ትቆጣለች፣ መምህር ይቆጣል፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙና ከበር ሲወጡ የሰሙትን እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ። ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው አለ። ሲቆጣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ አልቅሰው ግን ይመለሳሉ፤ ጎልምሰው፣ ወልደው ከብደው እንኳ ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሥሩን የሚያሳይ የአንዲት ሴት ሕይወት አለ። አገሯ አሜሪካ፣ ሙያዋ የኮሌጅ ሴቶችን ቅርጫት ኳስ ማሰልጠን ነበር። ፓት ሰሚት ትባላለች። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

በ1952 በቴነሲ ክፍለ ግዛት ከገበሬ ቤት ተወለደች፤ ከሦስት ወንዶች ቀጥላ የመጣች ሴት ልጅ ናት። ላም ይታለባል፣ ትምባሆ ይለቀማል፣ ድርቆሽ ይከመራል። በዚያ ቤት ሴት ናትና ትረፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ላሞቹም ቢሆኑ በዓል አያውቁም። ማታ ማታ ከወንድሞቿ ጋር ድርቆሽ ከሚቀመጥበት ቆጥ ላይ ወጥታ ኳስ ትጫወታለች። በሚኖሩበት አካባቢ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ስላልነበረው፣ አባቷ ልጁ እንድትጫወት ብሎ ቤተሰቡን ነቅሎ ሌላ ወረዳ ሄዶ ሰፈረ። አባትየው ቃሉ ጥቂት፣ ፊቱም የማይፈታ ሰው ነበር ይባላል። እኔ ግን ለልጁ ሲል ቤት ነቅሎ የሄደ አባት ፍቅሩን አልተናገረም ብዬ አልከራከርም።

በ1974 ወደ ኖክስቪል፣ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ መጣች። ረዳት ሆና ልትሠራ ነበር የመጣችው፤ ዋናዋ አሰልጣኝ ቦታውን ስትለቅ ሙሉው ኃላፊነት በእርሷ ላይ ወደቀ። ያኔ 22 ዓመቷ ነው፤ ከተጫዋቾቿ ጥቂቶቹ እኩዮቿ ነበሩ ማለት ይቻላል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረት ያን ጊዜ ተተርቶባት ቢሆን አይገርመኝም፤ የመጀመሪያ ጨዋታዋንም በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነበር። ቡድኑን የሚያጓጉዘውን መኪና የምትነዳው እርሷ፣ የተጫዋቾቹን መለያ የምታጥበው እርሷ። መለያው ራሱ የተገዛው ዶናት ተሸጦ በተገኘ ገንዘብ ነው። በዚያው ሰሞን ማስተርሷን ትማራለች፤ የተጎዳ ጉልበቷን እያጠነከረችም ለብሔራዊ ቡድን ትሠለጥናለች፤ በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ተጫውታ የብር ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ሴትን ከወንድ እንዳያበላልጡ የሚያዘው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1972 ስለሆነ፣ ሕጉ ገና በወረቀት ላይ ነበር፤ በሜዳ ላይ ያለው ያ የዶናት መለያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ተረትና ምሳሌ የአባቶቻችን ሀብት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሀብትም መካከል የሚጣል አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን እኛም ስንሰማው አድገናል፣ ስንለውም ኖረናል። ይህን ለሴት ልጅ የሚነግር አፍ ከእንግዲህ ቢዘጋ እወዳለሁ። ይህች ሴት የወንዶቹን ቡድን እንድታሰለጥን ከአንድ ጊዜ በላይ ሐሳብ ቀርቦላት ነበር፤ ወደ ወንዶች መሄድ ለምን እንደ ሹመት እንደሚቆጠር ስላልታያት ከሴቶቹ ጋር ቀረች።

በእርሻ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ወይፈን ሲገራ ለብቻው አይጠመድም፣ ከነባር በሬ ጋር ነው እንጂ። ነባሩ በሬ ያንኑ ቀንበር በራሱ ጫንቃ ተሸክሞ እየጎተተ ያስተምረዋል። ጅራፍ ብቻ የቀመሰ ወይፈን ግን ቀንበር ሰብሮ ይጠፋል። የፓት ሰሚት ቁጣ አገር ያወቀው ነበር፤ ዓይኗን ስትተክልባቸው እግራቸው የሚከዳቸው ተጫዋቾች ነበሩ። ነገር ግን ያ ዓይን ሌሊት መኪና የነዳ፣ ላብ የነካውን ልብስ ያጠበ፣ ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ዓይን ነው። ለመቆጣት የሚያበቃውን ዋጋ አስቀድማ ከፍላለች።

ሕጎቿ ጥቂት ነበሩ፣ ግን አይታጠፉም። ተጫዋች ክፍል ስትገባ ከፊት ካሉት ሦስት ረድፎች በአንዱ ትቀመጣለች፤ ያለ በቂ ምክንያት ከክፍል አትቀርም። ኮከብ ብትሆንም ያው ነው። ስታሸንፍ እንዳትታበይ፣ ስትሸነፍም እንዳትወድቅ ሁለቱን በእኩል ልብ መቀበልን ትማራለች። በዚህ ሁሉ መጨረሻ የሆነውን ስሙኝ፦ የመጫወቻ ዘመኗን በቴነሲ የፈጸመች ተጫዋች ሁሉ ዲግሪዋን ይዛ ወጥታለች። ሁሉም ነው የምላችሁ። እኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ።

ዋንጫውም ቢሆን ቶሎ አልመጣም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። በ1980፣ በ1981፣ በ1984 እስከ ፍጻሜ ደርሳ ተመልሳለች። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳችው በ1987፣ በ13ኛው የውድድር ዘመኗ ነው። በዘመናችን ስንት አሰልጣኝ፣ ስንት የትምህርት ቤት ኃላፊ 13 ዓመት ይታገሣሉ? ስንቱስ ይታገሡታል? ከዚያ በኋላ ዋንጫው ስምንት ደረሰ። በ38 የውድድር ዘመን 1,098 ጊዜ አሸነፈች፣ 208 ጊዜ ተሸነፈች፤ ከድሏ ሽንፈቷ የበዛበት ዓመት አንድም የለም። በ1997 ቡድኗ አሥር ጊዜ ተሸንፎ እንኳ ዋንጫውን ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት 39 ተጫውቶ 39ኙን አሸነፈ። በአሥሩ ሽንፈት ባይቆጧቸው ኖሮ ልጆቹ 39ኙን ድል ባላዩትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሚሼል ማርሲኒያክ ልምጣ፤ ልቤን የሚነካው የዚህች ልጅ ነገር ነው። በ1990 መስከረም ላይ ፓት ሰሚት መውለጃዋ ተቃርቦ ሳለ፣ ይህችን ጎበዝ ተጫዋች ወደ ቡድኗ ለመጋበዝ ፔንሲልቬኒያ ድረስ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። እዚያው ቤት ተቀምጣ ሳለ ምጥ ጀመራት። ልጇ በቴነሲ እንዲወለድ ስለፈለገች በአውሮፕላን ተመልሳ ወንድ ልጇን ታይለርን በኖክስቪል ወለደች። ያች ወጣት ግን ሌላ ዩኒቨርሲቲ መርጣ ሄደች። በምጥ ተይዞ ደጇ ለደረሰ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ቂም ለመያዝ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የት ይገኛል? ከዓመት በኋላ ልጅቱ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቴነሲ ስትመጣ በሩ ክፍት ሆኖ ጠበቃት። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ማርሲኒያክ እልኸኛና ችኩል ተጫዋች ስለነበረች አብረው ብዙ ተጋጩ፤ በጨዋታ መሐል መለያዋን ጨምድዳ ይዛ ስትቆጣት የሚያሳየው ፎቶግራፍ ታዋቂ ነው። በ1996 ቴነሲ ዋንጫውን ሲያነሳ የፍጻሜው ውድድር ምርጥ ተጫዋች የተባለችው እርሷ ናት።

ታሚካ ካቺንግስ ደግሞ አለች። ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በደንብ አይሰማም፤ በጆሮ መስሚያ መሣሪያዋ ምክንያት ልጆች ስለሳቁባት ወርውራ ጥላው ነበር። ቴነሲ ስትገባ ቁጣ አልነበረም የሚያስፈልጋት። ፓት ሰሚት አስቀምጣ አነጋገረቻት፤ መስሚያውን መልሳ እንድታደርግ፣ የንግግር ሕክምናም እንድትከታተል አግባባቻት። ያች ዝምተኛ ልጅ ኋላ አራት የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀች፣ በሕዝብ ፊትም ቆማ የምትናገር ሆነች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አንዱን መለያውን ይዘህ ትነቀንቀዋለህ፤ ሌላውን ወንበር ስበህ አጠገቡ ትቀመጣለህ። የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ልጁን ያወቀ ብቻ ነው።

አባቶች ሆይ፣ ይህን ሰምታችሁ ለበትራችሁ ምስክር አገኘን እንዳትሉ። ከእርሷም ቢሆን ሁሉም አልቆዩም፤ ጥብቅነቷን ሳይችሉ ወደ ሌላ ቡድን የሄዱ ነበሩ፤ ጩኸቷን ቀድቶ ድካሟን የተወ አሰልጣኝ ደግሞ ሁሉም ይሸሹታል። የልጁን መምህር ስም የማያውቅ አባት ውጤት ሲመጣ ብቻ ቢጮህ፣ ጩኸቱ ከጣራ አያልፍም። እናንተ ወጣቶችም ስሙኝ። ወዳጅ የሚያስለቅስህን፣ ጠላት የሚያስቅህን ይነግርሃል። ሌሊቱን ለእናንተ ሲደክም አድሮ ጠዋት የሚገሥጻችሁ ሰው ካለ ከእርሱ አትሽሹ፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር አትመልሱ።

በ2011 ነሐሴ ላይ፣ በ59 ዓመቷ፣ አእምሮን ቀስ በቀስ የሚነጥቀው የአልዛይመር ሕመም እንደያዛት በአደባባይ ተናገረች። አልደበቀችውም። በዚያ ዓመት ከአሰልጣኝነት ወንበሯ አልተለየችም፤ ረዳቶቿ ግን ሸክሙን ተከፋፈሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ለዓመታት ብርቱ ተቀናቃኟ የነበረው፣ ቃላትም ይወራወራት የነበረው የኮነቲከቱ አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ፣ ስለ ሕመሙ ላቋቋመችው ድርጅት 10,000 ዶላር ሰጠ። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል፤ እርሱ ሲናድ ያየውን ክምር አልላሰም። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አብዛኞቹ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ሳይደርሱ ወጡ። በዋንጫ ቢቆጠር ከሁሉ ያነሱ ይመስላሉ። ነገር ግን ያስተማረቻቸውን ለእርሷ ለራሷ ሊመልሱላት የታደሉ እነርሱ ነበሩ።

በ2012 ሚያዝያ ቦታዋን በአንድ ወቅት ተጫዋቿ ለነበረችው፣ ለብዙ ዓመትም ረዳቷ ለነበረችው ለሆሊ ዋርሊክ አስረከበች። በ2016 ሰኔ በ64 ዓመቷ አረፈች።

ይህንን የመጨረሻውን ክፍል ያነሣሁት ለእኛ ቤት ስለሚያስፈልግ ነው። አሮጊት እናታችን መርሳት ስትጀምር «ጃጀች» ብለን በር እንዘጋባታለን፤ ጎረቤት እንዳይሰማ እንጨነቃለን። ልጆቼ፣ ያሳደጓችሁ፣ የተቆጧችሁ፣ ለእናንተ ሲሉ ሌሊቱን ያነጉት ሰዎች አንድ ቀን ስማችሁን ሊስቱ ይችላሉ። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከጠየቋችሁ ሦስት ጊዜ መልሱላቸው። ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት። እንግዳ ሲመጣም ወደ ጓዳ አታስገቧቸው፤ ከእንግዳው ጎን አስቀምጧቸው፣ ቡናውን አብረው ይጠጡ።