ለማቆም ስንት ሜዳሊያ ያስፈልጋል?

ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው የእጅ ሰዓት ባይኖረውም ሰዓት ያውቃል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የእንጦጦን ዳገት የሚወጡ ሯጮች ኮቴ ይሰማል። ሰማዩ ሲገለጥ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ልጅ ሳለሁ ሁለቱ ወገኖች ሲተላለፉ መንገድ የሚለቁት ሁልጊዜ ሯጮቹ ነበሩ። ሸክም ያለበት ሰው ዘወር ማለት አይሆንለትም።

ዛሬ የማነሳውን ጥያቄ ያመጣችብኝ የእነዚህ የሁለቱም ወገን ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም። እናቷ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ አሳደጓት፤ እሷ በተራዋ ያንኑ ዳገት ሮጣ ወጣችው። በአንድ ክለብ ታቅፋ ደመወዝተኛ ሆነች። በአገር ውስጥ ውድድሮች ሦስተኛም አራተኛም ትወጣለች። አንድ ጊዜ ውጭ አገር የጎዳና ሩጫ ተወዳድራ ባመጣችው ገንዘብ የቤታቸው ጣሪያ ተቀየረ፣ ታናሽ ወንድሟም የግል ኮሌጅ ገባ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ለወራት ባሕር ማዶ ተቀምጣ በየሳምንቱ የምትወዳደርበት ውል ቀረበላት። ፈረመች አልፈረመች እያልን ስንጠብቅ «አቁሜያለሁ» አለች። ውሉን ብቻ ሳይሆን ሩጫውን ጭምር ማለቷ ነበር።

ጉዳት አልነበረባትም። ማንም አልከለከላትም። ሰፈሩ ግን ሐዘን የገባ ይመስል ነበር። «እድሏን በእግሯ ረገጠች» ተባለ። እናቷ ሽማግሌ ላኩባት። ሽማግሌ ስል ሁለት በእውነት የሸመገሉ አባቶችና እኔ ነን። እኔ የተጨመርኩት «ጋዜጠኛ ነው፣ መናገር ያውቅበታል» ተብዬ ነው። እኔም ያን ዕለት የማውቅበት መስሎኝ ነበር፤ ይዤ የሄድኩትም የደራርቱ ቱሉን ታሪክ ነው።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል፤ ሆኖም ለነገሬ ስለሚያስፈልገኝ ባጭሩ ላስታውስ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የበቆጂዋ ልጅ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። በ1998 ሴት ልጅ ወለደች። በዚያን ዘመን ሯጭ ሴት ወለደች ማለት ለብዙዎቻችን ጫማዋን ሰቀለች ማለት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በሲድኒ ኦሎምፒክ በዚያው ርቀት ወርቁን ደገመችው። በ2001 የለንደን ማራቶንንና የኤድመንተንን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች። በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ አገኘች። በ2006 ሁለተኛ ልጇን ወለደች። በ2009፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቷ፣ አለቀላት ሲባል የኒውዮርክ ማራቶንን ወሰደች።

«አየሽ፣ ኑሮና ሩጫ አይጣሉም» አልኳት። «እረፊ፤ ከፈለግሽ አግቢ፣ ውለጂ፣ እናትሽን አስታሚ። ገመዱን ግን አትበጥሺው። ደራርቱም እየሄደች እየተመለሰች ነው የኖረችው።»

በትሕትና ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ደራርቱ ስትወልድ ወርቁ ቤቷ ተቀምጦ ነበር። የኔ ሦስተኛ ደረጃ የት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን አላበቃችም። «ለእናቴ ስል ነው ብላችሁ ኖሮ ተነስታችሁ ትስሙኝ ነበር። ግን አልዋሽም፣ ለእናቴ ብዬ አይደለም። መኖር አምሮኝ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ከሰው ጋር መጫወት፣ ጠግቦ መብላት፣ ዝናብ ሲዘንብ አልጋ ውስጥ መስማት አምሮኛል።» ከአባቶቹ አንደኛው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ መኖር ማለት እኮ ይኸው ነው፣ የምትሮጪው» አሉ። ቡናው ተጠጣ፤ ያላንዳች ስምምነት ተነስተን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ የሷን ጥያቄ ይዤ ነው የምዞረው። ለመሆኑ አንድ ሰው «ማሸነፍ ሁሉም ነገር አይደለም» ለማለት መጀመሪያ ማሸነፍ አለበት?

ሩቅ ሄጄ ምሳሌ ላምጣ። አሽሊ ባርቲ የምትባል አውስትራሊያዊት የቴኒስ ተጫዋች በመጋቢት 2022 መጫወት ማቆሟን ስታሳውቅ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ያን ዕለት በዓለም የሴቶች ደረጃ አንደኛዋ እሷ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት የአገሯን ታላቅ ውድድር፣ የአውስትራሊያን ኦፕን፣ አሸንፋለች። የፈረንሳይንና የዊምብልደንን ዋንጫ ከዚያ በፊት ወስዳለች። ምክንያቷ በሽታ ወይም ጠብ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ያንን ሁሉ ለመክፈል ልቧም አካሏም እንደማይፈቅድ፣ ሌላ ሕይወት እንደምትሻ ተናገረች። በአሥራዎቹ ዕድሜዋም አንድ ጊዜ ትታው ሄዳ ክሪኬት ስትጫወት ቆይታ ነው የተመለሰችው። ዓለም አጨበጨበላት፤ ብልህ ተባለች፣ ራሷን የምታውቅ ተባለች። ከሷ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1983፣ ስዊድናዊው ቢዮርን ቦርግ አሥራ አንድ ታላላቅ ዋንጫዎችን ይዞ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሲያቆም ጉዱ ሲወራ ከርሟል። እሱም ቢሆን ሰነፍ አልተባለም።

የሁለቱም ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ነበር። በትንንሽ ከተሞች የቴኒስ ሜዳዎች የአውሮፕላን ትኬቱን እንኳ የማይሸፍን ሽልማት ሲያሳድድ ኖሮ አንድ ቀን ሻንጣውን ዘግቶ ወደ ቤቱ የገባውን ተጫዋች ግን ማን ያውቀዋል? እሱም መኖር አምሮት ይሆናል። እኛ የምንለው «አልቻለም» ነው። አንዱ ያደረገውን ሌላው ሲያደርገው ስሙ ተለወጠ። ድርጊቱን መርምረን አይደለም ስም የምናወጣለት፤ መደርደሪያውን አይተን ነው።

ይህ አመል የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስለን አቴንስን እናስታውስ። በ2004 የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሁለት ኦሎምፒክ በተከታታይ አሸንፎ ለሦስተኛው ሲቀርብ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ፍጥነት ሲጨምሩ ኃይሌ ቀረ። ያን ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች ወደ ኋላ ዞር ዞር ማለት ጀመሩ፤ ሩጫውንም አቀዘቀዙት። በኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ ዓለም እያየ፣ ታላቃቸውን ጠበቁት! ደረሰባቸው፤ ግን ቆይቶ እንደገና ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ትተውት የሄዱት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐስ፤ ኃይሌ አምስተኛ።

ይህን እስከ ዛሬ እያወራን እንኮራለን፤ የአስተዳደጋችን ምስክር ነው እንላለን። እስቲ ግን ልባችን የሚያውቀውን እንናገር። ዘርሰናይ በዚያ መቀዛቀዝ ተጠቅሞ ወርቁን ቢወስደው ኖሮስ? ያችው ዞር ማለት፣ ያችው አክብሮት፣ በማግስቱ በየሻይ ቤቱ ምን ትባል ነበር? «ቂሎች»። እኔም ከተሳዳቢዎቹ መካከል የምገኝ ይመስለኛል።

የኒውዮርኩም እንዲሁ ነው። በኖቬምበር 2009 በዚያ ውድድር ላይ ስትፈራ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ናት፤ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በእጇ ነበር፣ የኒውዮርክንም ማራቶን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። እሷም እናት ነበረች። ደራርቱና እሷ የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ ሲድኒ ላይ ፓውላ ሩጫውን ለረጅም ጊዜ መርታ በመጨረሻ አራተኛ ስትወጣ ወርቁን የወሰደችው ደራርቱ ናት። ኒውዮርክ ላይ ፓውላን እግሯን አሟት ከመሪዎቹ መነጠል ስትጀምር ደራርቱ ዞር ብላ በእጇ ጠራቻት፤ አይዞሽ፣ ነይ፣ አብረን እንሂድ አለቻት። ፓውላ አልቻለችም፤ አራተኛ ወጣች። ደራርቱ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አንደኛ ገባች።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ደግነት ብቻ ነው የምናወራው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፓውላ ብትመለስ ኖሮ የምትመለሰው ደራርቱን ለማሸነፍ ነው። ከሁሉ የበረታችውን ተፎካካሪ «ነይ» ብሎ መጥራት የማሸነፍ ፍላጎት የሌለው ሰው ሥራ አይደለም፤ ያን ቀን ደራርቱ ለማሸነፍ ነበር የምትሮጠው፣ አሸንፋለችም። ነገር ግን አንገቷን ባዞረችበት ቅጽበት እንደምታሸንፍ አታውቅም ነበር። ልጆቿ እቤት ነበሩ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ሰባት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ኒውዮርክ ይኑር አይኑር አታውቅም። ሥራዋ የሚመዘነው እዚያች ላይ ነው እንጂ ሪባኑ ላይ አይመስለኝም። አራተኛ ብትወጣም ያው ዞር ማለት ነበር።

እንዲህ ካልኩ ደግሞ ለሰፈራችን ልጅ የተለየ ሚዛን ማምጣት አልችልም። እሷም ውሳኔዋን የወሰነችው ምን እንደሚመጣ ሳታውቅ ነው። ውሉን ብትፈርም በሁለተኛው ወር ጉልበቷ ይከዳት ነበር ይሆናል፤ ወይም ዛሬ ስሟን በሬዲዮ እንሰማው ነበር። ሁለቱም ቢሆን ያን ቀን ጠዋት የተናገረችውን እውነት ወይም ሐሰት አያደርገውም። መኖር አምሮኛል አለች። ያማራት ነገር ደግሞ ቅንጦት አልነበረም። ዝናብ ለመስማት ሜዳሊያ አቅርቢ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ቋንቋችንን ሳየው ደግሞ ግራ ይገባኛል። ሰው ሲሞት «ሩጫውን ጨረሰ» እንላለን፤ የዕለት እንጀራችንን ፍለጋ «የኑሮ ሩጫ» ነው። ምክር ስንሰጥ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ»፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ነው። በሯጮቹ እየኮራን ልጆቻችንን በዝግታ ተረት እናሳድጋለን። (ተረቱን ያወጡት ሰዎች ዳገት አይተው የሚያውቁ ናቸው።)

እዚህ ላይ ብጽፍና ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን አንድ ያላነሳሁት ሰው አለ፤ ወንድሟ። ባርቲ ስታቆም ከኮሌጅ የወጣ ወንድም አልነበራትም። የኛ ልጅ ስታቆም የክለቡ ደመወዝ ቆመ፤ ወንድሟ ሁለተኛ ዓመት ላይ ክፍያ አጥሮት ትምህርቱን አቋረጠ። እሷ ከሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ሱቆች በአንደኛው ተቀጠረች፤ ገቢዋ ለቤት ኪራይና ለእናቷ መድኃኒት እንጂ ለኮሌጅ አይደርስም። እሱ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ፤ ከእናቱም ቤት ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር መኖር ጀመረ። ስለ ሚዛን የሚያወሩ ሰዎች፣ በአንዱ በኩል ሥራውን በሌላው በኩል ኑሮውን አስቀምጠው እንደልባቸው የሚያስተካክሉት ይመስላቸዋል። በኛ ሰፈር ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው የሌላ ሰው ዕድሜም ነው። እሷ ቀና ስትል እሱ ጎንበስ አለ።

ታዲያ ተሳስታለች ልበል? ወንድሟን ጠይቁት፣ ያለጥርጥር አዎ ይላችኋል። እኔ ግን መልሼ የማስበው፣ የአንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሁለት እግር የአንድ ቤተሰብ ጣሪያ፣ የትምህርት ክፍያና ጡረታ እንዲሆን ማን እንደፈረደ ነው። እንጨት የተሸከሙትን እናቷን ማንም ሽማግሌ ሄዶ «ሸክሙን ይተዉ» አላላቸውም። ለሷ ግን «አትተዪው» የምንል ሦስት ሰዎች ተገኘን። እኔ ራሴ በዓመታት በፊት ደመወዝ ያለው ሥራ ትቼ ነው እንደዚህ በየመጽሔቱ የምጽፈው። በሬን ያንኳኳ ሽማግሌ አልነበረም። ከደመወዜ የሚበላ ሰው ስላልነበረ ይሆናል፤ ወንድ ስለሆንኩም ይሆናል።

ባለፈው ወር ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት እሱ ሆኖ ተገኘ። ሰላም ተባባልን፤ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ደህና ናቸው አለኝ። አሜሪካን ኤምባሲ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት እጇን አነሳች፤ እህቱ ነበረች። በሩን ከፈተላት። ከፊቴ ባለው ወንበር ተቀመጠችና ሳንቲሟን ይዛ እጇን ዘረጋች። ከኋላ ወንበር ጀምሮ የሁላችንንም ሒሳብ ሰበሰበ፤ እሷ ጋ ሲደርስ አልፏት ወደ ፊት ሄደ። እሷም ሳንቲሙን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሽሮ ሜዳ እስክንወርድ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።