ስለ ጥበብ ዋጋ

በቅርብ ቀን አንድ የቡሬ ገበሬ ወደ እኔ መጥቶ «የኔታ፣ ልጄ በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና እማራለሁ አለኝ። ዋጋው ስንት ነው? ጥቅሙስ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገሩ የገበያ ጥያቄ ቢመስልም የሕሊና ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁት ጥቂት ልጽፍበት ወደድሁ።

ጥበብን በዋጋ ማስተማር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በግሪክ አገር እነ ፕሮታጎራስ ደመወዝ ተቀብለው ሲያስተምሩ፣ ሶቅራጥስ ግን ዋጋ ሳይቀበል በድህነት ኖረ። በአገራችንም የቅኔ ቤት፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ከተማሪው ብር አይጠይቅም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ለመምህሩም እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ ድረስም ሰሙን ከወርቁ መለየት ይማራል።

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላም ብዙ ዘመን የመንግሥት ተማሪ ሳይከፍል ይማር ነበር። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ግን የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጅ፣ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እንዲከፍል ተደነገገ።

እንግዲህ ላይ ላዩን ለተመለከተ የቅኔ ቤት በነጻ ነው። ነገር ግን ተማሪው አልከፈለም ማለት የከፈለ የለም ማለት አይደለም። ቁራሹን የሰጠች እናት ከልጆችዋ መሶብ ቀንሳለች፤ ዩኒቨርሲቲውንም ከሚያቆሙት አንዱ የዚያው ገበሬ ግብር ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከዋጋው ይልቅ በዕዳው ላይ ነው። የተመራቂው ዕዳ ከፊሉ በወረቀት ተጽፏል፣ ሲከፈልም ይሠረዛል፤ የቆሎ ተማሪ ዕዳ ግን በማንም መዝገብ ስላልሰፈረ ለመርሳት ይቀላል።

ለዚህም እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። በልጅነቴ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ በአንድ መንደር ስለምን ውሻ ነከሰኝ። አንዲት ባልቴት ቁስሌን አጥባ፣ ቂጣ አብልታ፣ እስክድን በቤትዋ አሳደረችኝ። መምህር ከሆንሁ በኋላ ነገ እጠይቃታለሁ እያልሁ ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ አለፍሁ። በመጨረሻ በሄድሁ ጊዜ ቤትዋ ፈርሶ፣ በቦታው በቆሎ በቅሎበት አገኘሁት። ለሹማምንት የተቀኘሁት ብዙ ነው፤ ለእርስዋ ግን አንድ ጉባኤ ቃና እንኳ አልተቀኘሁም።

ይህን ስል ልመናውን ያለ ልክ ማመስገኔ አይደለም፤ በረኃብና በበሽታ ከመንገድ የቀሩ ብዙዎች ናቸውና። ከዚህ ሁሉ መከራ ይልቅ በወረቀት የተጻፈ ዕዳ ይሻላል።

ስለዚህ ለገበሬው እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦ «ልጅህን ላከው። የመንግሥቱን ዕዳ ከደመወዙ ይከፍላል። ያንተንና የጎረቤቶችህን ግን እውነትን በመናገርና ያልተማረውን በማስተማር ካልሆነ በሌላ አይከፍለውም። የትምህርቱም ጥቅም ይህን ማወቅ ነው፤ ይህን ካላወቀ በነጻ ቢማር እንኳ ተወዶበታል። አበዳሪዎቹ በሕይወት ሳሉ እንዲከፍል ምከረው፤ እኔ ዘግይቻለሁ።»