ስለ ሙላትና ስለ ጉድለት

ሰው አንድን ያማረ ነገር ለማየት ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ዕውቀት ያስፈልገዋል። አንደኛው ነገሩ ያለበትን ቦታ ማወቅ ነው፤ ሁለተኛውም ነገሩ የሚገለጥበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ቦታውን ማወቅ ቀላል ነው፤ መንገድ እየጠየቁ ይደረሳልና። ሰዓቱን ማወቅ ግን ይከብዳል፤ ቦታ ሰውን ቆሞ ሲጠብቅ ሰዓት ማንንም አይጠብቅምና። ስለዚህ ቦታውን አግኝቶ ሰዓቱን ያጣ ብዙ ነው። እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ይህ ነው፤ ሰውና ፍጥረት በተገናኙ ጊዜ ማን ለማን ሰዓት ሊታዘዝ ይገባዋል?

የዚህ ነገር ምሳሌው በባሕር ዘንድ ጐልቶ ይታያል። በብዙው የዓለም ዳርቻ የባሕር ውኃ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለ ሆነ የዛሬው ሙላት ከትናንቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ይህም የሚሆነው ባሕር ቀጠሮው ከሰው ጋራ ሳይሆን ከጨረቃ ጋራ በመሆኑ ነው። ጨረቃ በተወለደችና ሙሉ በሆነች ጊዜ ሙላቱ ይበረታል፤ በግማሽ በሆነች ጊዜ ይደክማል። ኒውተን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ሁሉ ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት የሚመጣ እንደ ሆነ አስረድቷል።

በቀይ ባሕር ዳር በምጽዋ ይህ ሙላት ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በካናዳ አገር ፈንዲ በሚባለው የባሕር ሰላጤ ግን ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ሰላጤ ዳር ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል ወንዝና በስሙ የተጠራች የወደብ ከተማ አሉ። ሻምፕላን የተባለ ፈረንሳዊ መርከበኛ በፈረንጅ 1604 ዓ.ም. በመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ቀን ከወንዙ አፍ ስለ ደረሰ ይህን ስም አወጣለት። ባሕሩ በጐደለ ጊዜ ወንዙ በጠባብ የድንጋይ በር እየተናወጠ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ባሕሩ በሞላ ጊዜ ግን ወንዙ ተገፍቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሁለቱ መካከል 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ጸጥ ይላል። ከዚያም የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቆ ሆፕዌል በሚባለው ስፍራ ባሕር የቀረጻቸው ረጃጅም አለቶች ቆመዋል። በጉድለት ጊዜ ሰው በእግሩ በባሕሩ ወለል ላይ በአለቶቹ መካከል ይመላለሳል፤ በሙላት ጊዜ በዚያው ስፍራ በታንኳ ይቀዘፋል።

በሽርሽር መርከብ ወደዚያ ወደብ የሚደርስ መንገደኛ በየብስ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። መርከቡ የሚቆምበትንና የሚነሣበትን ሰዓት ባለ መርከቡ ይወስናል፤ የባሕሩን ሰዓት ጨረቃ ትወስናለች፤ መንገደኛው በሁለቱ መካከል ነው። አስተዋይ የሆነው ገና ከአገሩ ሳይነሣ የሙላቱን ሰሌዳ ይመለከታል፤ በዚያ ቀን ምን ሊያይ እንደሚችልና ምን ሊያይ እንደማይችል ያውቃል። ያልተመለከተው ግን ሁለት ሰዓት ተጉዞ የአለቶቹን ጫፍ ብቻ ባየ ጊዜ ተታለልሁ ብሎ ይቈጣል። ባሕሩ ግን በምን በደለው? ቀጠሮውን አላፈረሰም። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ ጥፋቱ የፍጥረት ሳይሆን የችኰላ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን የጨረቃን ዕድሜ መቍጠር ለሊቃውንቷ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ በእርሱም አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምን ጊዜም 30 ይሆናሉ፤ አንዱ ሲጨምር አንዱ ይጐድላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ባሕርን በዓይኑ ሳያይ እንኳ የባሕርን ጠባይ ለማስተዋል ቅርብ ነው። ደግሞም ባሕር በሌለበት በደጋው አገር ሌላ ሙላትና ጉድለት አለ፤ እርሱም በሰዓት ሳይሆን በወራት የሚቈጠር፣ ክረምትና በጋ የሚያመላልሱት ነው። ይህንም ለማየት ከአዲስ አበባ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከተማይቱን የከበቡት ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ይበቃሉ።

ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ውኃው ሲሸሽ መስከረም ይጠባል፤ አደይ አበባም ሜዳውንና ኰረብታውን በቢጫ ቀለም ይሸፍነዋል። ዐውደ ዓመቱም በአገራችን ቅዱስ ዮሐንስ ይባላልና ያ የሩቅ ወደብና ይህ የቅርብ ሜዳ በስም ይገናኛሉ። አደይ ግን የሚቈየው ጥቂት ሳምንት ነው። በኅዳር የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የታጨደና የተከመረ ድርቆሽ ነው፤ በየካቲት የሚመጣም የደረቀ መሬት።

ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ በቡራዩ በኩል የገፈርሳ የውኃ ግድብ አለ፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው አንዱ ነው። ክረምት ሲያልቅ ውኃው አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ በበጋ እየጐደለ ይሄዳል። በጉድለቱ ጊዜ ጭቃው ሲገለጥ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች በዳርቻው ይለቅማሉ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይም በዚያ ይታያል። እንግዲህ ጉድለት ባዶነት አይደለም፤ ሙላት የሸሸገውን ይገልጣል።

በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሰበታ የሚሄድ ደግሞ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ዱር ያገኛል። ዱሩ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። የዚህ ሰዓት የሚቈጠረው በወራት አይደለም፤ በትውልድ ነው። የተከሉት ጥላውን አላዩም፤ ጥላውን ያዩት አልተከሉም። ይህም የመጠበቅን ሌላ ትርጕም ያስተምራል፤ መጠበቅ ቁጭ ብሎ መቈየት ብቻ ሳይሆን ለማይታይ ሰዓት መዘጋጀት ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ይህ ለባለጠጋ የሚስማማ ምክር ነው። ለዕለት እንጀራው የሚሮጥ ሰው ዕረፍቱ አንዲት እሑድ ናት፤ አደይ በዚያች እሑድ ባይፈካ፣ ገፈርሳ በዚያች እሑድ ባይሞላ፣ ምን ያድርግ?» ቃሉ እውነት ነው። ሰዓትን መምረጥ የሚችል ጥቂት ነው፤ የሽርሽሩ መንገደኛ እንኳ ገንዘቡን ከፍሎ ሰዓቱን ግን ለባለ መርከቡ አስረክቧል። ነገር ግን ሰዓትን መምረጥ ያልቻለ ሰው ዓይኑን መምረጥ ይችላል። በጉድለት የመጣ የጉድለቱን ነገር ይይ፤ ድርቆሹን፣ ጭቃውን፣ ወፉን ይመልከት። የማይገባው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፍጥረት ስለ እርሱ ብሎ ሰዓቱን እንዲለውጥ መሻት፣ ካልተለወጠም ነቅሎና ረግጦ መሄድ ነው።

ደግሞም ለጎብኚው የሙላት ሰዓት የሆነው ለባላገሩ የጉድለት ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አደይ በሚፈካበት በመስከረም ገበሬው የአምናውን እህል ጨርሷል፤ የዘንድሮው ግን ገና አልደረሰም። ከከተማ የወጣው ሰው ሜዳው እንዴት ያማረ ነው ሲል ባለ ሜዳው ጎተራው ባዶ ነው። አበባውን ለማየት መንገድ የሄደ ሰው ይህን ካላየ ያየው ግማሹን ነው፤ ባሕሩ በሞላ ጊዜ ብቻ እንደ ደረሰ መንገደኛ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ጨረቃ እስካለች የባሕርን ሙላት ሰው ሊያስቀረው አይችልም፤ የደጋው ሙላት ግን ሊቀር ይችላል። የሱሉልታ ውኃ ወደ ሙገር፣ ሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል። የግብፅ ሰዎች የዓባይን ሙላት በየዓመቱ እየጠበቁ ብዙ ሺሕ ዓመት ኖሩ፤ በካይሮ በሮዳ ደሴት በፈረንጅ 861 ዓ.ም. የተሠራው የውኃ መለኪያ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ነገር ግን የአስዋን ታላቁ ግድብ በፈረንጅ 1970 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ ያ ሙላት ወደ ታች አይደርስም። ግድቡ ለሕዝቡ የእርሻ ውኃና የመብራት ኃይል ሰጥቷልና ይህን ለነቀፋ የሚያነሣው አይኖርም፤ ሆኖም መለኪያው ቀርቶ የሚለካው ሙላት ሄደ።

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው እየሰፉ ነው። ለሰው ቤት ያስፈልገዋልና ቤት መሥራት ኃጢአት አይደለም። ዳሩ ግን ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ሁሉ በሲሚንቶ ቢሸፈን መስከረም በሰዓቱ ይመጣል፤ አደይ ግን የሚበቅልበት አያገኝም። ያን ጊዜ ሰዓቱን ጠብቆ የመጣው አስተዋይና ያለ ሰዓቱ የመጣው ችኩል እኩል ይሆናሉ፤ ሁለቱም ምንም አያዩም።

ስለዚህ መልሱ እንዲህ ነው። ሰው ለነገሩ ሰዓት ይታዘዝ፤ መታዘዙም ሰሌዳ በማየት ብቻ አይፈጸም። ሰዓት የሚመጣው የሚያርፍበት ቦታ ካገኘ ነው፤ ቦታውም የሚኖረው የሚጠብቀው ሰው ካለ ነው። በቋንቋችን መጠበቅ ማለት ጊዜን መታገሥ ነው፤ ደግሞም ከጥፋት መከላከል ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት አባቶች ያለ ምክንያት አላደረጉትም፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያደርግ ሰው አንድ ቀን በባዶ ሜዳ ቆሞ የማይመጣውን ይጠብቃልና።