የዘፋኙ ዕዳ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥላ በራሷ የምትቆም አይደለችም። ዘፈንም ከአንድ ሰው ጉሮሮ ይውጣ እንጂ ሙሉ የሚሆነው በሌላው ሰው ጆሮና ልብ ሲያድር ነው። ስለዚህም ስለ ዘፈን የሚነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ወገኖችን ይመለከታል፤ የሚዘፍነውንና የሚሰማውን። ሦስተኛው ወገን፥ ማለትም ዘፈኑን ገዝቶ የሚሸጠው፥ በመካከላቸው ከገባ ወዲህ ግን የክርክሩ ሚዛን ወደ አንድ በኩል አዘንብሏል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ነጋዴው ዘፋኙን ምን አደረገው?» የሚለው ነው። «ዘፋኙስ አድማጩን ምን አደረገው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን የተዘነጋ ጥያቄ ለመመርመር ባልተጠበቀ ቦታ የሚገኝ አንድ ምሳሌ ይረዳል። ይኸውም «ሳይበርፐንክ» የተባለው የሚና ጨዋታ ነው።

«ሳይበርፐንክ» በአሜሪካዊው የጨዋታ ደራሲ በማይክ ፖንድስሚዝ ተደርሶ፥ አር. ታልሶሪያን ጌምስ በተባለው ድርጅት በ1988 ታተመ፤ ይበልጥ የታወቀው ሁለተኛ እትሙ በ1990 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሚና ጨዋታ ለቴአትር ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪና ዳኛ ሆኖ የዓለሙን ሁኔታ ያስረዳል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርገውንና የሚናገረውን ይወስናሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይ ይጣላል። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም፤ መድረክም የለም። ደራሲው፥ ተዋናዩና ተመልካቹ ያው ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ናቸው።

ጨዋታው የሚሥለው ዓለም ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። አንድ እግሩ በ1970ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከተሞች በተነሣው የፐንክ ሙዚቃ ላይ፥ ሌላው እግሩ እንደ ዊሊያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር» (1984) ባሉ ልብ ወለዶች ላይ ቆሟል። ስፍራው በካሊፎርኒያ ጠረፍ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች ናይት ሲቲ የምትባል ከተማ ናት። በዚያ ዓለም የመንግሥት ስሙ እንጂ ሥልጣኑ ተሟጧል፤ ታላላቅ ኩባንያዎች የራሳቸውን ጦር አሰልፈው የራሳቸውን ጦርነት ይዋጋሉ። የሰው አካል ሳይቀር እየተቆረጠ በብረትና በሽቦ የሚተካ፥ የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል።

እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ መዝናኛ ሁለት መልክ ይዞ ይታያል። የመጀመሪያው ብሬይንዳንስ ይባላል። አንድ ሰው ያየው፥ የሰማው፥ የዳሰሰውና በልቡ የተሰማው ሁሉ ተቀርጾ፥ በሌላው ሰው አእምሮ ውስጥ እንደ ራሱ ገጠመኝ ሆኖ ይጫወታል። ድኻው በጠባብ ክፍሉ ተጋድሞ የባለጸጋውን ግብዣ ይቀምሳል፤ ፈሪው የጀግናውን ድል ይኖራል። ሲያበቃ ግን ክፍሉ ያው ክፍል፥ ረኀቡም ያው ረኀብ ነው። የዚህ መዝናኛ ክፋቱ ውሸት መሆኑ አይደለም፤ በአንድ በኩል ልብ ወለድም ቴአትርም ውሸት ናቸውና። ክፋቱ ተመልካቹ የራሱን ፍርድ የሚያኖርበት ክፍተት አለመተዉ ነው። በቴአትር ቤት የተቀመጠ ሰው ከገጸ ባሕርዩ ጋር ያለቅሳል፤ ነገር ግን ወንበር ላይ መቀመጡን አይረሳም፤ ስለዚህም አልቅሶ ሲያበቃ ይፈርዳል። በብሬይንዳንስ ግን እንባው እንኳ የራሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልቅሶ በእርሱ ዓይን ይፈስሳል እንጂ።

ሁለተኛው መልክ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ የቀረበ ነው። ከጨዋታው ገጸ ባሕርያት አንዱ «ሮከርቦይ» ይባላል። ጊታሩንና ድምፁን ይዞ በኩባንያዎቹ ላይ የሚነሣ፥ የጎዳናው ባለቅኔና የኅብረተሰቡ ኅሊና እንዲሆን የታሰበ ሰው ነው። ሌላው ተጫዋች ጠመንጃ ወይም ኮምፒውተር ሲይዝ፥ እርሱ የሚይዘው ሕዝብ ነው። ይህም ችሎታው በቁጥር ይለካል። በ1990ው እትም ዝቅ ያለው ደረጃ የአንድ ምሽት ክበብ ታዳሚዎችን ልብ ለመያዝ ይበቃል፤ መካከለኛው የኮንሰርት ታዳሚን ለብጥብጥ ያስነሣል፤ ዘጠነኛውና ከዚያ በላይ ያለው ግን ሠራዊት የሚያስከትት፥ አገር የሚያፈርስ ኃይል ነው። መጽሐፉ ለዚህ ደረጃ የሚሰጠው ምሳሌ ግን ከዘፋኞች መካከል የተመረጠ አይደለም። አዶልፍ ሂትለርን ነው የሚጠራው።

ይህ ንጽጽር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ደራሲው ዓመፀኛውን ዘፋኝ ቢያወድስም፥ ኃይሉ ከማን ኃይል ጋር እንደሚዛመድ አልሸሸገም። ቁጥሩ የሚናገረው ስንት ሰው እንደሚነሣ ነው። የተነሣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ፥ ስንቱም ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ቁጥሩ አይናገርም።

በጨዋታው ውስጥ የዚህ ገጸ ባሕርይ ዋና ምሳሌ ጆኒ ሲልቨርሃንድ ነው። በማዕከላዊ አሜሪካ ከተካሄደ ጦርነት አንድ ክንዱን አጥቶ፥ በብረት ክንድ ተክቶ፥ ከሠራዊቱ ኮብልሎ የተመለሰ ወታደር ነው። «ሳሙራይ» የተባለውን የሙዚቃ ቡድን መሥርቶ ዝናን አገኘ። ዘፈኖቹን የሚያሳትመው ኩባንያ መኮብለሉን ባወቀ ጊዜ፥ ምሥጢሩን እንዳያወጣበት አስፈራርቶ በውል ሊያስረው ሞከረ። ጆኒ ግን ምሥጢሩን በራሱ ዘፈን ለሕዝብ ገለጠውና ማስፈራሪያው መና ቀረ። እዚህ ላይ ዘፋኙ ነጋዴውን ድል ነሥቷል። ድል የነሣበትም መሣሪያ እውነትን ለአድማጩ መንገር ነው። ይህ ነጥብ ለኋላ ክርክር ስለሚያስፈልግ ልብ ሊባል ይገባዋል።

እርግጥ ነው፥ ነጋዴው በልብ ወለዱ ውስጥ ያጣውን ከልብ ወለዱ ውጭ መልሶ አግኝቷል። በ2020 የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ይህን ዓለም የኮምፒውተር ጨዋታ አድርጎ ለገበያ አቀረበው፤ እስከ 2023 ድረስም ከ25 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። የሳሙራይን ዘፈኖች የተጫወተው፥ በግራ ዘመም አቋሙ የታወቀው የስዊድኑ ሪፊውዝድ ቡድን ነበር። በጨዋታውም ውስጥ፥ ሲጫወት ራሱን ለሌሎች የሚያሳይ ሰው በባለመብቶች እንዳይከሰስ፥ አንዳንድ ዘፈኖችን የሚዘጋበት መምረጫ ተበጅቶለት ነበር። ኩባንያን በሚያወግዝ ጨዋታ ውስጥ ዘፈንን ስለ ኩባንያ መብት ዝም የሚያሰኝ መዝጊያ! ምፀቱ ግልጽ ነው፤ ግልጽ ስለሆነም ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። «ነጋዴው ዓመፅንም ሳይቀር ይሸጣል» ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። ይሁን እንጂ ከዚህ የጠለቀ ጥፋት በዚያው በዘፋኙ ታሪክ ውስጥ፥ ያውም የጀግንነቱ ማረጋገጫ ተደርጎ በሚነገረው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

በ1990ው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ አጭር ልብ ወለድ እንዲህ ይተርካል። አልት ከኒንግሃም የተባለችው የጆኒ ወዳጅ ታላቅ የኮምፒውተር ጠቢብ ናት። አራሳካ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዕውቀቷን ፈልጎ ጠልፎ ይወስዳታል። ጆኒ ሊያስመልሳት ይቆርጣል። በኩባንያው ሕንፃ አጠገብ ነጻ የሙዚቃ ትርዒት ያዘጋጃል፤ ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ዘፈኑም ሕዝቡን በሕንፃው ላይ ያስነሣል። ዘበኞቹ ከዚያ ማዕበል ጋር ሲታገሉ፥ ዘፋኙ ከጥቂት የታጠቁ ባልንጀሮቹ ጋር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሊያድናት የሄደውንም ሰው ሳያድን ይቀራል።

እንግዲህ ያ ሕዝብ ምን ነበር? ዘፈን ሊሰማ የመጣ ነበር። ሳያውቀው ግን የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ሽፋን ሆነ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው፥ በጥይት ፊት የቆመው የሌላ ሰው ደረት ነው። አራሳካ የሚወገዘው ሰውን እንደ ዕቃ ስለሚገለገልበት ከሆነ፥ በዚያች ሌሊት ከመድረኩ ላይ የሆነው በምን ይለያል? ብሬይንዳንስ አድማጩን ከራሱ ፍርድ አውጥቶ ያስተኛዋል፤ የጆኒ ዘፈን ደግሞ ከራሱ ፍርድ አውጥቶ ያስነሣዋል። ሁለቱም ሳይጠይቁት ይገለገሉበታል።

በዚህ ላይ የሚቀርቡ መልሶች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። አንደኛው፥ «ሕዝቡ በፈቃዱ መጣ፤ አራሳካንም ከዘፋኙ ባላነሰ ይጠላዋል» የሚል ነው። ነገር ግን ፈቃድ ያለ ዕውቀት ፈቃድ አይደለም። ሰዎቹ የፈቀዱት ዘፈን ለመስማት ነው፤ ቢበዛም ቁጣቸውን ለመግለጥ ነው። ዓላማው ሌላ መሆኑን የነገራቸው የለም። ሁለተኛው መልስ፥ «ቢነግራቸው ኖሮ ምሥጢሩ ወጥቶ ውጥኑ ይከሽፍ ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማንኛውም ትግል ምሥጢር አለው። ሆኖም የጋራን ዓላማ ለመጠበቅ ዝርዝሩን መሸሸግና፥ ዓላማውን ራሱን መሸሸግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፤ ሁለተኛው ማታለል ነው። ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ «እርሱስ ነፍሱን አስይዞ አልገባምን?» የሚል ነው። ገብቷል፤ ፈሪም አይደለም። ነገር ግን የራሱን ሕይወት ለመስጠት የደፈረ ሰው የሌላውን ሕይወት ለመስጠት ፈቃድ አያገኝም። ድፍረት የራስን ዕዳ ይከፍል ይሆናል እንጂ፥ ባልተጠየቀ ሰው ስም ዕዳ የመግባት መብት አይሰጥም።

ይህ ሁሉ የልብ ወለድ ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ ታሪክ ሁለት ዘፋኞችን ጎን ለጎን ታቀርብለታለች። ቺሌያዊው ቪክቶር ሃራ ዘፋኝና የቴአትር አዘጋጅ ነበር። በሴፕቴምበር 1973 ወታደሮች የሳልቫዶር አየንዴን መንግሥት በገለበጡ ጊዜ፥ በሳንቲያጎ በመንግሥት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ ጋር ነበር። ከእነርሱ ጋር አደረ፤ ከእነርሱ ጋር ተያዘ፤ ከእነርሱ ጋር ወደ ስታዲየም ተወሰደ፤ በዚያም ተሠቃይቶ ተገደለ። ያ ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 በሰባት የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ሩዋንዳዊው ሲሞን ቢኪንዲ ደግሞ በአገሩ እጅግ የታወቀ ዘፋኝ ነበር፤ ዘፈኖቹ በ1994ቱ የዘር ፍጅት ጊዜ ጥላቻን በሚሰብከው ሬዲዮ ይተላለፉ ነበር። አሩሻ ላይ ያስቻለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2008 የ15 ዓመት እሥራት ፈረደበት። ፍርዱ የተመሠረተው በዘፈኖቹ ላይ ሳይሆን፥ በመኪና ላይ ባለ የድምፅ ማጉያ ሰዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ላይ ነበር።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በጨዋታው መለኪያ ቢመዘኑ ከፍ ያለ ቁጥር የማያገኝ የለም። ሁለቱም ሕዝብን የመያዝ ኃይል ነበራቸው። ልዩነታቸው ግን ቁጥሩ በማይደርስበት ስፍራ ነው። አንደኛው ከሰሚዎቹ አልተለየም፤ ሌላው ሰሚዎቹን በጎረቤቶቻቸው ላይ መሣሪያ አደረገ። የዘፈን ተራማጅነትም ሆነ ኋላ ቀርነት በግጥሙ ቁጣ ወይም በዜማው ግለት ብቻ የማይፈረደው ስለዚህ ነው። ቁጣ ለሁሉም ያገለግላል። የሚፈረደው ዘፈኑ በዘፋኙና በአድማጩ መካከል በሚፈጥረው ግንኙነት ነው፤ አድማጩን ይበልጥ አዋቂና ወሳኝ አድርጎ ይተወዋል? ወይስ ለሌላ ሰው ውሳኔ ማስፈጸሚያ ያደርገዋል?

እዚህ ላይ የሚና ጨዋታው ራሱ ለክርክሩ አንድ ረብ ያለው ነገር ያበረክታል። መጽሐፉ ለተጫዋቾቹ ገጽታ ከይዘት እንደሚበልጥ ይመክራል፤ ጠረጴዛው ግን ምክሩን የግድ እንዲቀበል አይገደድም። ዳዩ ሕዝቡ ይነሣ አይነሣ እንደሆነ ብቻ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ዳኛው ከተነሣው ሕዝብ መካከል ለአንዲት ሴት ስም ሊሰጣት፥ ቤት ያስቀረቻቸውን ልጆች ሊቆጥርላት፥ ከዘበኞቹ ፊት ሊያቆማት ይችላል። ያን ጊዜ ሮከርቦዩን የያዘው ተጫዋች ሁለት መቶ ሰው አነሣሁ ብሎ አይደሰትም፤ ለእርስዋ ምን እንደሚላት ማሰብ ይጀምራል። ባልንጀሮቹም ፊቱ ተቀምጠው መልሱን ይጠብቃሉ።

መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይህን ዕድል አያገኝም። ከመብራቱ ወዲያ ያለው ጨለማ የሰዎቹን ፊት ይሸፍንበታልና፥ ሕዝብ ማለት አንድ ታላቅ ጩኸት ይመስለዋል። ዘፋኙ ለነጋዴው ያልተሸጠ መሆኑ መልካም ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ አድማጩን አለመሸጥ ነው። ለምን እንደሚያስነሣው ሊነግረው፥ የሚጠብቀውን አደጋ ሊያሳውቀው፥ በተነሣም ጊዜ አብሮት ሊገኝ ይገባል። ይህን ሳያሟላ የሚጠራ ድምፅ ምንም ያህል ቢያምር፥ ምንም ያህል እውነተኛ በደልን ቢናገር፥ የጠራውን ሕዝብ ባለዕዳ ነው።